የሰሜን ተራሮች ቶፖግራፊያዊ ካርታ አሠራር

ቶፖግራፊያዊ ካርታ የአንድን አካባቢ ከፍታና ዝቅታ፣ ወንዞች፣ መንገዶች፣ መንደሮችና ስሞች በተወሰነ ስኬል የሚያሳይ ካርታ ነው። ከተራ የመንገድ ካርታ የሚለየው የመሬቱን ቅርጽ በከፍታ መስመሮች አማካይነት በቁጥር ስለሚገልጽ ነው። ይህ መጣጥፍ በሰሜን ጎንደር በሚገኙት የሰሜን ተራሮች፣ ማለትም ከዳባትና ከደባርቅ እስከ ራስ ደጀን ባለው ስፍራ፣ ለእግረኛ የሚሆን ትክክለኛ ካርታ እንዴት እንደሚሠራና እንደሚታተም ያብራራል።

በዚህ አካባቢ ካርታ ከሌላው ቦታ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ደጋማው ሜዳ በሰሜንና በምዕራብ በኩል በድንገት ተቆርጦ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች፣ በአንዳንድ ስፍራም ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ቆላው ይወርዳል። መንገዶች ብዙ ጊዜ የገደሉን አፍ ተከትለው ይሄዳሉ። በክረምት ጉም ሲወርድ ሰው ከፊቱ ያለውን ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው የሚያየው። በሜዳማ አገር የ200 ሜትር ስህተት ያለበት ካርታ መንገደኛውን ትንሽ ያደክመዋል። እዚህ ግን ያው ስህተት በሜዳና በገደል መካከል ያለ ልዩነት ነው።

አካባቢው

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ ጎብኚዎች የመግቢያ ክፍያ የሚከፍሉትና አስጎብኚና ስካውት የሚይዙትም እዚያ ነው። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው የተለመደ የእግር መንገድ በሳንቃበር (3,250 ሜትር ገደማ)፣ በግጭ (3,600 ሜትር ገደማ)ና በጨነቅ (3,620 ሜትር ገደማ) ያልፋል። ከግጭ አጠገብ የእሜት ጎጎ አፋፍ 3,926 ሜትር ይደርሳል። ከጨነቅ በላይ ቧሂት (4,430 ሜትር ገደማ)፣ ከዚያም ወዲያ በበየዳ ወረዳ የአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ የሆነው ራስ ደጀን ይገኛሉ።

ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚሄደው አውራ መንገድ ደግሞ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ድብ ባሕርና ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። መንገዱ የተቆፈረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። በሊማሊሞና በድብ ባሕር መካከል ያለው መሬት ለካርታ ሠሪ ጥሩ ፈተና ነው። በአጭር የአየር ርቀት ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚቀንስ፣ መንገዱ ራሱን እየደጋገመ ይታጠፋል። በ1:250,000 ካርታ ላይ ሁሉንም መታጠፊያ መሳል ስለማይቻል ሠዓሊው ጥቂቱን ብቻ ያስቀራል። ስለዚህ በዚያ ካርታ ላይ በክር የተለካ ርቀት ሁልጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል።

አጭር ታሪክ

የሰሜን ተራሮች ልኬት ታሪክ ረጅም ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲጓዝ በሊማሊሞ በኩል ወጥቷል። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1841 ራስ ደጀን ላይ ወጡ፤ ይህም በጽሑፍ የቀረ የመጀመሪያው የአውሮፓውያን መውጣት ነው። በዚያው ዘመን አንትዋን ዳባዲ በኢትዮጵያ ለአሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ከተራራ ጫፍ ላይ ሆኖ የሌሎችን ተራሮች አቅጣጫ በመሣሪያ እየለካ የሦስት ማዕዘን መረብ ሠራ። ውጤቱን የኢትዮጵያን ጂኦዴሲ በሚመለከት መጽሐፉ እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1873 አሳተመ። መርሁ ዛሬም ያው ነው፤ አንድ ርቀትና ሁለት ማዕዘን ከታወቁ የሦስት ማዕዘኑ ሌሎች ጎኖች በስሌት ይገኛሉ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት ሥራዎች የዛሬውን ካርታ መሠረት ጣሉ። አንደኛው በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአባይ ተፋሰስ ጥናትና በኢትዮ-አሜሪካ የካርታ ሥራ ተልእኮ የተዘረጋው የመለኪያ ነጥቦች መረብ ነው። በዚህ መረብ ላይ ተመሥርቶ የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ የ1:50,000 ካርታዎችን አዘጋጀ። የድርጅቱ ሥራ አሁን በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ሁለተኛው የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ሽቴሊና ሱርቡኸን እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ሰሜን ተራሮች ሁለት የ1:25,000 ቶፖግራፊያዊ ካርታዎችን አቀረቡ። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1977 የፓርኩ ኃላፊ ሆኖ የሠራው ሃንስ ሁርኒም በአካባቢው የአፈር መሸርሸርና የአየር ንብረት ላይ ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣው የ1:100,000 የእግር ጉዞ ካርታ በተጓዦች ዘንድ በደንብ ይታወቃል።

ስኬልና የወረቀት መጠን

ስኬል በካርታው ላይ ያለ ርቀት በመሬት ላይ ስንት እንደሚሆን ይናገራል። በ1:50,000 ካርታ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው። በ1:25,000 ላይ 4 ሴንቲ ሜትር፣ በ1:100,000 ላይ ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

የኢትዮጵያ የ1:50,000 ካርታ አንድ ወረቀት 15 ደቂቃ ኬክሮስ በ15 ደቂቃ ኬንትሮስ ይሸፍናል። በሰሜን ተራሮች ኬክሮስ (13° ገደማ) ይህ በመሬት ላይ ወደ 27.7 በ27.1 ኪሎ ሜትር፣ በወረቀት ላይ ደግሞ ወደ 55 በ54 ሴንቲ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ሰፊ ወረቀት በተራ ማተሚያ አይወጣም። በየከተማው ፎቶ ኮፒ ቤት የሚገኘው ትልቁ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ኤ3 ነው፤ ይህም 42 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ወረቀቱ በአግድም ሲያዝ በ1:50,000 ስኬል 21 በ14.85 ኪሎ ሜትር ይይዛል፤ ኅዳጉ ሲቀነስ ትንሽ ያንሳል።

ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ ያለው ስፍራ በአንድ የኤ3 ወረቀት ላይ በ1:50,000 ይገባል። ራስ ደጀን ግን ከሳንቃበር በአየር መስመር ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ በስተ ምሥራቅ ስለሚገኝ፣ ሙሉውን ጉዞ ለማሳየት ሁለተኛ ወረቀት ወይም 1:100,000 ስኬል ያስፈልጋል። ሁለት ወረቀት ከተሠራ ጠርዛቸው ቢያንስ በ2 ኪሎ ሜትር መደራረብ አለበት፤ አለዚያ መንገደኛው አቅጣጫ በሚፈልግበት ቦታ ላይ ካርታው ይቆረጥበታል።

የከፍታ መስመሮች

የከፍታ መስመር እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኝ መስመር ነው። መስመሮቹ ሲቀራረቡ መሬቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሲራራቁ ሜዳ ነው። ወደ ዳገቱ የሚጠቁም የ«ቪ» ቅርጽ ሸለቆን፣ ወደ ቁልቁለቱ የሚጠቁም ደግሞ ሸንተረርን ያመለክታል።

በሁለት መስመሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በ1:50,000 ካርታ ላይ ብዙ ጊዜ 20 ሜትር ነው። በግጭ ሜዳ ላይ ይህ ጥሩ ነው። በእሜት ጎጎ ገደል ላይ ግን ችግር ይፈጥራል። መሬቱ በ500 ሜትር አግድም ርቀት ውስጥ 1,000 ሜትር ቢወርድ፣ 50 መስመሮች በ1 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ መግባት አለባቸው፤ በመካከላቸው የሚቀረው 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የመስመሩ ውፍረት ራሱ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ከታተመ በኋላ አንድ ቡናማ ዝርግ ብቻ ይታያል። መፍትሔው በገደሉ ላይ በየ100 ሜትሩ ያሉትን ወፍራም መስመሮች ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን መቁረጥና የገደሉን አፍ በተለየ የገደል ምልክት መሳል ነው። ለእግረኛ የገደሉ አፍ ትክክለኛ ቦታ ከመስመሮቹ ብዛት ይበልጥበታል።

መስመሮቹ ጊዜን ለመገመትም ያገለግላሉ። ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ባወጣው ቀላል ደንብ መሠረት፣ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። ከጨነቅ እስከ ቧሂት ጫፍ ያለው ዳገት 810 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ዳገቱ ብቻ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይጨምራል። ደንቡ የወጣው ለስኮትላንድ ዝቅተኛ ተራሮች ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ከዚህ በላይ ጊዜ መያዝ ያስፈልጋል።

የከፍታ መረጃ ከየት ይገኛል?

ዛሬ ካርታ የሚሠራ ሰው የአውሮፕላን ፎቶግራፍ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀናት ውስጥ አብዛኛውን የምድር ገጽ በራዳር ለካች። ኤስ አር ቲ ኤም የተባለው ይህ መረጃ በ30 ሜትር ጥራት ለአፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 በነጻ ተለቀቀ። ኋላ የመጣው የኮፐርኒከስ የ30 ሜትር ሞዴልም በነጻ ይገኛል። ኪው ጂ አይ ኤስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ከእነዚህ ፋይሎች የከፍታ መስመሮችንና የጥላ ምስልን በጥቂት ደቂቃ ያወጣል።

ይሁን እንጂ ገደቦቹን ማወቅ ይገባል።

30 ሜትር ስፋት ያለው አንድ ፒክስል አንድ ከፍታ ብቻ ይይዛል። የ200 ሜትር ቀጥ ያለ ገደል በሁለት ፒክስል መካከል ሲወድቅ፣ በካርታው ላይ እንደ ከባድ ዳገት ይታያል እንጂ እንደ ግድግዳ አይታይም። ሰው ሊወጣው የሚችል ይመስላል።

ራዳር ከጎን ስለሚመታ ከገደል ጥላ ሥር ያለውን መሬት አያይም። እነዚህ ክፍት ቦታዎች በኋላ በስሌት ወይም ከሌላ ምንጭ ተሞልተዋል። በሰሜን ተራሮች አፋፍ ሥር ያሉ መስመሮች ለስላሳ ሆነው ከታዩ ይህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የኤስ አር ቲ ኤም የከፍታ ስህተት በዕቅዱ መሠረት በ90 በመቶ እርግጠኝነት ከ16 ሜትር እንዳይበልጥ ነበር። ስለዚህ ከዚህ መረጃ በ5 ሜትር ልዩነት መስመር ማውጣት ካርታውን ያሳምረዋል እንጂ ትክክለኛ አያደርገውም።

ሾጣጣ ጫፎች በፒክስሉ አማካይ ስለሚወሰዱ ዝቅ ብለው ይታያሉ። የራስ ደጀን ከፍታ በተለያዩ ጽሑፎች 4,620፣ 4,550፣ 4,543ና 4,533 ሜትር ተብሎ የሚገኘው በመለኪያ ዘዴና በመነሻ ልዩነት ነው። በድሮ መጻሕፍት የተለመደው 4,620 ዛሬ ከፍ ያለ ተደርጎ ይቆጠራል። ካርታ ሠሪው አንዱን መርጦ ከየት እንደወሰደው በኅዳጉ ላይ መጻፍ አለበት።

የዳተም ስህተት

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የአንድ ቦታ ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚለካው ከአንድ የምድር ሞዴል አንጻር ነው፤ ይህ መነሻ ዳተም ይባላል። የድሮዎቹ የኢትዮጵያ 1:50,000 ካርታዎች አዲንዳን በተባለ ዳተም ላይ የተሠሩ ናቸው። ስሙ የተወሰደው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ካለ የመለኪያ ነጥብ ሲሆን፣ የምድር ቅርጽ ሞዴሉ ክላርክ 1880 ነው። ጂፒኤስና የዛሬ ስልኮች ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 የተባለውን ይጠቀማሉ።

በሰሜን ተራሮች አካባቢ በዩቲኤም ፍርግርግ (ቀጣና 37 ሰሜን) ሁለቱ ቁጥሮች በስተ ምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ፣ በስተ ሰሜን ደግሞ 200 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። የደብሊው ጂ ኤስ 84 ቁጥሮች በሁለቱም በኩል ይበልጣሉ። ጠቅላላ ልዩነቱ ከ220 ሜትር በላይ ነው፤ በ1:50,000 ካርታ ላይ 4.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

የስህተቱ አቅጣጫ ወሳኝ ነው። የጂፒኤስ መሣሪያ በአዲንዳን ላይ ተስተካክሎ ሳለ ከዘመናዊ ካርታ የተወሰደ የደብሊው ጂ ኤስ 84 ቁጥር ቢገባበት፣ መሣሪያው ሰውየውን ከእውነተኛው ቦታ 200 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይመራዋል። የሰሜን ተራሮች ዋና ገደል ወደ ሰሜን የሚመለከት ስለሆነ፣ በአፋፉ ላይ ያለ ነጥብ በመሣሪያው ላይ ከገደሉ ማዶ በአየር ላይ ይወድቃል። በተቃራኒው የድሮ ካርታ ስካን ተደርጎ ያለ ለውጥ በስልክ ላይ ቢጫን፣ ገደሉም መንገዱም ከእውነተኛው ቦታ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ተንሸራተው ይታያሉ።

መከላከያው ቀላል ነው። የሚታተመው ካርታ በኅዳጉ ላይ የዳተሙንና የቀጣናውን ስም በግልጽ መያዝ አለበት። የድሮ ካርታ ሲጫን ደግሞ ሶፍትዌሩ አዲንዳን መሆኑ ይነገረውና ወደ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ይቀይረዋል። ከዚያ በኋላ በሳተላይት ምስል ላይ በግልጽ የሚታይ አንድ የመንገድ መታጠፊያ፣ ለምሳሌ በሊማሊሞ፣ ከካርታው ጋር ይነጻጸራል። ሌላም ፈጣን ማረጋገጫ አለ። የቀጣና 37 መካከለኛ መስመር 39° ኬንትሮስ ነው። የሰሜን ተራሮች ከዚያ በስተ ምዕራብ ስለሆኑ፣ የምሥራቅ ቁጥራቸው ሁልጊዜ ከ500,000 ያነሰ መሆን አለበት።

መንገዶችና ስሞች

ከፍታ ከሳተላይት ይገኛል፤ ስምና መንገድ ግን የሚገኙት ከሰው ነው። ኦፕን ስትሪት ማፕ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ ማንም ሰው ሊያርመው የሚችል የዓለም ካርታ ነው። የሰሜን ተራሮች መንገዶች በከፊል በበጎ ፈቃደኞች ተመዝግበውበታል። የበቅሎ መንገድ፣ የከብት መንገድና የጎብኚ መንገድ በሳተላይት ምስል ላይ አንድ ዓይነት ስለሚመስሉ፣ የትኛው እስከ መጨረሻው እንደሚያስኬድ የሚያውቁት የአካባቢው ስካውቶችና ጫኞች ናቸው።

ስሞች የራሳቸው ችግር አለባቸው። በውጭ ካርታዎች ላይ ግጭና ጨነቅ እያንዳንዳቸው በላቲን ፊደል በተለያየ አጻጻፍ ይገኛሉ፤ ራስ ደጀን ደግሞ «ራስ ዳሽን» ተብሎ ተለምዷል። በላቲን ፊደል ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ ስለማይለዩ፣ ከእንግሊዝኛ ካርታ ወደ አማርኛ መልሶ መጻፍ የሌለ ስም ይፈጥራል። ትክክለኛው መንገድ ስሙን ከነዋሪው ሰምቶ በፊደል መጻፍ ነው። በኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ለአማርኛ ስም የተለየ መስክ አለ። ስሙ ሲጻፍ የምኑ ስም እንደሆነም መለየት አለበት፤ የወንዝ ነው፣ የአምባ ነው፣ የበር ነው ወይስ የመንደር? በአንድ ስም የሚጠሩ ተራራና መንደር በካርታ ላይ ሲምታቱ የሚደክመው እግረኛው ነው።

ካርታው ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ እንደተሠራም መታወቅ አለበት። የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ አካባቢ ስለተዛወሩ፣ የድሮ ካርታ ላይ ያሉት ቤቶች ዛሬ የሉም። የፓርኩ ወሰንም ተቀይሯል። በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ፓርክ በኋላ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፍቷል። በድሮ ካርታ ላይ ባለ መንደር ውኃና መጠለያ አገኛለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ባዶ ሜዳ ላይ ይመሽበታል።

ኅትመት

በኮምፒውተር ላይ ትክክል የነበረ ካርታ በኅትመት ጊዜ ሊበላሽ ይችላል። ዋና ዋናዎቹ ጥንቃቄዎች የሚከተሉት ናቸው።

ስኬሉን መጠበቅ፦ ብዙ ማተሚያዎች ፋይሉን ከወረቀቱ ጋር ለማመጣጠን ጥቂት በመቶ ያሳንሱታል። ፒዲኤፉ በ100 በመቶ እንዲታተም መታዘዝ አለበት። ከታተመ በኋላ የስኬል መስመሩ በማስመሪያ ይለካል። በ1:50,000 ላይ 5 ኪሎ ሜትር በትክክል 10 ሴንቲ ሜትር ካልሆነ ወረቀቱ ይጣላል። በኅዳጉ ላይ ከቁጥሩ በተጨማሪ የስኬል መስመር መሳል ያለበትም ለዚህ ነው፤ ወረቀቱ ቢያንስ ወይም ቢያድግ መስመሩ አብሮት ስለሚለወጥ እውነቱን ይናገራል።

ጥራት፦ ኤ3 ወረቀት በ300 ነጥብ በኢንች ሲታተም ወደ 4,961 በ3,508 ፒክስል ይሆናል። በ1:50,000 ስኬል አንድ ነጥብ በመሬት ላይ 4 ሜትር ያህል ስለሆነ ይህ በቂ ነው።

ፊደል፦ የግዕዝ ፊደላት ጥቃቅን ልዩነት ስላላቸው ከ7 ነጥብ ባነሰ መጠን ሲታተሙ «ሀ» እና «ሁ»፣ «ቀ» እና «ቁ» ይመሳሰላሉ። በከፍታ መስመር ላይ የሚወድቅ ስም ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ሊደረግለት ይገባል።

ቀለም፦ ገደል፣ ውኃና መንገድ በቀለም ብቻ ሳይሆን በቅርጽም መለየት አለባቸው። ካርታው በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ሊባዛ ይችላልና።

ውኃ መቋቋም፦ በፈሳሽ ቀለም የሚያትም ማተሚያ ሥራው በዝናብ ይፈሳል። በሌዘር ማተሚያ የወጣ ካርታ ይሻላል፤ ላሚኔሽን ከተደረገ ደግሞ ይበልጥ ይቆያል። ላሚኔሽን የተደረገ ወረቀት ሲታጠፍ ግን ስለሚሰነጠቅ ተጠቅልሎ መያዝ አለበት።

ሰሜን፦ ኮምፓስ የሚያሳየው የማግኔት ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን በጥቂት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ መጠኑም በየዓመቱ ይለወጣል። ልዩነቱና የተወሰደበት ዓመት በኅዳጉ ላይ ይጻፋል።

በመሬት ላይ ማረጋገጥ

ማንኛውም ካርታ ሰዎች ተስፋ ከማድረጋቸው በፊት በእግር መፈተሽ አለበት። የተለመደው ዘዴ በግልጽ የሚታወቁ ቦታዎችን መምረጥ ነው፦ የሳንቃበር ካምፕ፣ የጅንባር ወንዝ መሻገሪያ፣ የጨነቅ ካምፕ፣ የቧሂት ጫፍ። በእያንዳንዱ ላይ ቆሞ የጂፒኤስ ቁጥር ይወሰድና በካርታው ላይ ካለው ጋር ይነጻጸራል። የስልክ ጂፒኤስ በገላጣ ሜዳ ላይ ከ5 እስከ 10 ሜትር ያህል ሊሳሳት ይችላል። ከገደል ሥር ግን ምልክቱ ከድንጋዩ ላይ ስለሚነጥር ስህተቱ ይጨምራል። ሁሉም ነጥቦች ወደ አንድ አቅጣጫ በእኩል መጠን ካዘነበሉ ችግሩ ዳተም ነው። እዚህም እዚያም ከተበተኑ ችግሩ የሥዕሉ ወይም የጂፒኤሱ ነው።

የውኃ ምንጮች በበጋ ማረጋገጥ ይፈልጋሉ። በክረምት የሚፈስ ጅረት በጥርና በየካቲት ደረቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈሰውና የማይፈሰው በተለያየ መስመር ይሳላል።

በመጨረሻም ካርታ አስጎብኚን አይተካም። የፓርኩ ደንብ ጎብኚዎች ከስካውት ጋር እንዲሄዱ ያዛል። ጉሙ ሲወርድ አፋፉ የት እንደሚጀምር ስካውቱ ከእግሩ ሥር ባለው ሣርና ድንጋይ ይለያል። የጥሩ ካርታ ሥራ ይህን እውቀት በወረቀት ላይ ማስቀመጥና ስካውቱም ሆነ መንገደኛው በአንድ ጣት ወደ አንድ ቦታ እንዲያመለክቱ ማድረግ ነው።